ሳይቀመስ የቀረበ ወጥ

አስመራ፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእመት ይታየሽ፤ ሰቆጣ።

የመስቀለ ክርስቶስ ጥበቃ ከደጅዎ አይለይ እያልኩ ነው ይህን ወረቀት የምጀምረው። ጉልበትዎን ክረምቱ እንዴት አደረገው? ልጄ እታለምስ? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ አልተወኝም።

ምሥራች አለኝ። ከልብስ አጣቢነት ወጥቼ ከመስከረም ወዲህ አንድ አሜሪካዊ ሹም ቤት ወጥ ሠሪ ሆኛለሁ። ባልና ሚስት ከሁለት ወንዶች ልጆች ጋር፣ አራት ነፍስ ናቸው። ሰውዬውን ልቡን ስለሚያመው ሐኪም የበሬ ሥጋና ቅቤ ከልክሎታል። የሚበላው ታኪን የሚሉትን ወፍ ነው። ዶሮ ይመስላል፣ ግን ግልገል ያክላል፤ ራሱ መላጣ ሆኖ ከአፍንጫው ላይ ቀይ ሥጋ ይንጠለጠልበታል። ሥጋው ከአገራቸው ተፈጭቶ፣ በረዶ ሆኖ ይመጣል። እኔም በሽንኩርት፣ በምስርና በካሮት ለአራቱም የሚበቃ ራት እሠራበታለሁ፤ የተረፈውን በረዶ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሣጥኑ ቁም ሣጥን ያክላል። ውስጡ የገባ ነገር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሦስት ወር ቢቆይ አይሸትም። ሲፈለግ አውጥቶ ማሞቅ ብቻ ነው።

አሁን ዋናውን ልናገር። አባቷ ሲሞት እታለምን በሁለት ዓመቷ ለእርስዎ ሰጥቼ የወጣሁት፣ እስክቋቋም ድረስ ብዬ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ። አሁን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ፤ ትምህርት ቤትም ከደጄ ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ልጄን ይስጡኝ። ቀሚስ አሰፋላታለሁና እንደ አምናው ቁመቷን በክር ለክተው ይላኩልኝ። ይህን የሚያደርስልዎ ጨው ነጋዴው አስማረ ነው፤ ዘንድሮ ከመቀሌ አልፎ እስከዚህ መመላለስ ጀምሯል።

ልጅዎ ጥሩሐረግ


ሰቆጣ፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩሐረግ።

እግዚአብሔር ነፍስሽንም አፍሽንም ይጠብቅልሽ። እጁ የነፍስ አባታችን የቄስ ወልደ ኢየሱስ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው።

ወረቀትሽን ሦስት ጊዜ አስነበብኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሁለተኛ ሲነበብ ነገሩን ሳብሰለስል ቆየሁ፤ በሦስተኛው ቄሱን አስቆምኩት። ራሱ መላጣ የሆነ ትልቅ ወፍ እኛም አገር አለ። ከብት በታረደበት ሁሉ ያንዣብባል። ጥንብ አንሣ ይባላል። ፈረንጅ የፈለገውን ይብላ፣ ከኔ ምን አለው? አንቺ ግን እጅሽን ምን ውስጥ ነው የምታስገቢው?

ደግሞስ ወፉ ዶሮ ነው ብዬ ልቀበል። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አላት፤ እያንዳንዱም ስም አለው፣ ባለቤት አለው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። አንቺን ዶሮ መበለት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ቆጥረሽ ነበር የምታስረክቢኝ፣ አንድ ሲጎድል ትጠየቂ ነበር። የተፈጨ ሥጋ ምኑ ይቆጠራል? ማንስ ይጠየቅበታል? ማን አረደው? በማን ስም? ይህን አንዱንም አልጻፍሽም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር የማታስቀሪ ነበርሽ፤ ዝም ያልሽው ነው የሚያስፈራኝ።

ሦስት ወር ስለማይሸተው ሥጋም አልገባኝም። ቋንጣ ከሆነ ቋንጣ ነው በይኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወጥ ሠሪ ሳትቀምስ ጨው አታውቅም። ቀምሰሻል? ከቀመስሽ፣ ካህን የማንጻቱን ጸሎት፣ መጽሐፈ ቄደርን፣ ደግሞ ውሃውን ካላፈሰሰብሽ በቀር እዚህ መጥተሽ ከማኅበርተኛ ጋር አትቆርሺም። ልጅቷንም ወደዚያ ማዕድ አልሰድም። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይላሉ፤ ይኼ ደግሞ ገንፎ እንኳ አይደለም።

ክሩ ከወረቀቱ ጋር ታጥፏል።

አክስትሽ ይታየሽ


አስመራ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእመት ይታየሽ።

የነቢያትን ጾም በሰላም ያስፈጽምዎ። እንደምን ሰነበቱ?

አልቀመስኩም። በሥላሴ ስም አልቀመስኩም። የማን እጅ እንዳረደው የሚነግረኝ ስለሌለ ጨውን በጣቴ እየቆነጠርኩ፣ ወጡን በአፍንጫዬና በዓይኔ እየፈረድኩ ነው የምሠራው። ያልጻፍኩልዎም ስለማላውቀው ነው።

ጣጣው ግን ከዚያው መጣብኝ። በግቢው አንድ ዘበኛ አለ፤ ደጅይጥኑ ይባላል፣ የአገራችን የፃግብጂ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ይሞካክራል። አንድ ቀን ማዳም፣ የሹሙ ሚስት፣ የኛ ሰው ወጥ ሲያቀርብ ለምን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምስ ጠየቀችው። እሱ ደግሞ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው ብሎ አረፈው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኗ ከእጄ አይነቀልም። እኔ ቀምሼ እንደማላውቅ ልብ አለች። ባሏን ልቡን ባመመው ቁጥር የምታየው እኔን ነው።

ባለፈው ሳምንት ድስቱ አጠገብ ቆማ ቅመሺ አለችኝ። መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁና ወደ አፌ አስጠግቼ በሽርጤ ጠረግሁት። አየችኝ። ደጅይጥኑን ጠርታ እንዲህ ስትል አስተረጎመችው፦ «ጾማችሁ ነውና ገናችሁ እስኪያልፍ እታገሥሻለሁ። ከዚያ ወዲያ አንቺ የማትቀምሺውን ልጆቼ አይበሉም።»

እንግዲህ ይፍረዱኝ። እርስዎ ቀምሰሻል ብለው ልጄን ሊይዙብኝ ነው፤ እሷ አልቀመስሽም ብላ እንጀራዬን ልትነሣኝ ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል፤ ልጄን የማሳርፍበት የለኝም።

ሌላም አለ፤ ክሩ። አምና የላኩልኝን ክር ዳዊቴ ውስጥ ነው ያኖርኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው፤ በጣት እንኳ አይበላለጡም። የስምንት ዓመትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት እኩል ይሆናል? ልጄ ታማለች? የሚበላ አጥታችኋል? ወይስ የተደበቀኝ ነገር አለ? እውነቱን ይጻፉልኝ። መጠርጠሩን ከእርስዎ ተምሬ እኔም ጀምሬያለሁ።

ጥሩሐረግ


ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለጥሩሐረግ።

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ወረቀትሽ ኮረም ላይ ሲንከባለል ከርሞ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።

ልጅቷ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጫወታለች። የአባቷ ወገን አጫጭር ነው፤ ረስተሽው ከሆነ አላውቅም። ደቃቃ ስለሆነች ከዚህ እስከ ኮረም ሦስት ቀን በእግር አትችልም። በቅሎ ላይ ብትቀመጥም ቁልቁለቱ ያስፈራል። ስለዚህ ነገር ደግመሽ አትጠይቂኝ።

መሐላሽን ሰማሁ። የሚምል ሰው ፊቱ ይታያል፤ ወረቀት ፊት የለውም። እኔ የምመክርሽ ሥራውን ትተሽ እንድትመጪ ነው። የአባትሽ እርሻ አለ፤ ልጅሽንም እዚሁ ታገኛታለሽ። ማንም ቅመሺ፣ አትቅመሺ አይልሽም።

ይታየሽ

ይህን የምጨምረው እኔ ቄስ ወልደ ኢየሱስ ነኝ፤ እመት ይታየሽ ጥጡን ከፀሐይ ልታነሣ ወጥታለች። ኦሪት ዘሌዋውያንን አገላበጥኩ፤ ከተከለከሉት አእዋፍ መካከል ታኪን የሚባል አላገኘሁም። መሬት ጭሮ፣ እህል ለቅሞ የሚያድር ከሆነ ከዶሮ ወገን ይሆናል። ዋናው የአራጁ እጅና የሚጠራው ስም ነው። በሕይወት ያለውን ካገኘሽ፣ ክርስቲያን በሥላሴ ስም ባርኮ ይረደው። አንቺም ብልቱን ቆጥረሽ፣ ከዚያ ወዲያ ብትፈጪው ኃጢአት አይሆንብሽም። በጾም ቀን ግን አፍሽ አይንካው። ለምልክት ላባውን ላኪልኝ። ስለ ክሩ የምናገረው የለኝም፤ የለካሁት እኔ አይደለሁም።


አስመራ፣ የካቲት ፳፱ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእመት ይታየሽ።

ዛሬ ቅበላ ነው። ነገ የሚገባውን ጾም በጤና ያስጀምርዎ። ወረቀትዎ በገና ዋዜማ ደረሰኝ። የቄስ ወልደ ኢየሱስን እግር ይሳሙልኝ፤ ያወጡኝ እሳቸው ናቸው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ታኪን የሚያረባ አንድ ጣሊያን አለ። ደጅይጥኑን ነገር ውስጥ ያስገባኸኝ አንተ ነህ፣ አንተው ታወጣኛለህ አልኩት። እሱም ለማዳም ትኩስ ሥጋ ለጌታው እንደሚሻል፣ ስቡንም እኔ በእጄ እንደማወጣው ነገረልኝ። አላመነችም፤ አብራን መጣች። ወፉ መሬት ሲጭር፣ በቆሎ ሲለቅም በዓይኔ አየሁት። ጥንብ አንሣ እንዲህ አያደርግም።

ደጅይጥኑ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በስመ አብ ብሎ አረደው። ሲወራጭ በክንፉ መትቶት ቆቡን ጣለበት፤ ማዳም ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት። በፈላ ውሃ ነጨሁት፣ ለበለብኩት፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ በሎሚና በጨው አጠብኩት። ከዚያ በለትኩት። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ገበታ ላይ ደርድሬ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ሞላ። ትንሹ ልጃቸው አጠገቤ ቆሞ በቋንቋው አብሮኝ ቆጠረ። ሥጋውን ከአጥንቱ የለየሁትና የፈጨሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሠራሩን ልንገርዎ፣ ምንም እንዳልደበቅሁዎ ይወቁልኝ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላዋለሁ። ቲማቲም እጨምራለሁ፣ ከዚያ ጥቂት ዘይት ብቻ። የተፈጨውን ሥጋ ጨምሬ እንዳይጓጉል በማማሰያ እየበታተንኩ አበስለዋለሁ። የተቀቀለ ምስርና የተከተከተ ካሮት እደባልቅበታለሁ፤ ምስሩ ሥጋውን ያበረክተዋል፣ ሐኪሙም ወዶታል። ሐሙስ ቀን ነበር፣ ጾም አልነበረም፤ ማዳም ፊት መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ጨው አንሶታል። ከመስከረም ጀምሮ ጨው ያነሰው ወጥ ሳበላቸው ኖሬ አንድ ቀን አልነገሩኝም።

አሁን ረቡዕና ዓርብ ወጥ አልጥድም። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እሠራለሁ፣ እቀምሳለሁ። ሲቀዘቅዝ በቆርቆሮ ሳህን ለአንድ ለአንድ ራት ከፍዬ፣ ከድኜ፣ የተቀመሰበትን ቀን ጽፌ በረዶ ሣጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ። ለዐቢይ ጾም ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሠራ ከረምኩ። ዛሬ ሃያ አራት ራት ተደርድሯል፤ ሁሉም የተቀመሰ ነው። እስከ ፋሲካ ማውጣትና ማሞቅ እንጂ አፌ አይነካውም። ማዳምም በዚህ ተስማምታለች፤ ሥራዬም ጸንቶልኛል።

አስማረ ዛሬ እዚህ ስለነበር ከራሴ ድርሻ አቅርቤለት በልቷል። እሱን ይጠይቁት። ላባው ከወረቀቱ ጋር ነው፤ ለእታለም መንገድ የሚሆነውንም በአስማረ እጅ ሰጥቻለሁ። ቀሚሷ በላኩልኝ ክር ልክ ተሰፍቶ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ሥራ ውዬ ስመለስ እሱን አያለሁ። እባክዎ ልጄን ይስጡኝ።

ጥሩሐረግ


ሰቆጣ፣ መጋቢት ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩሐረግ።

ለትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። ላባው ደርሷል። ቄሱ ራሱ ገደሉ ሥር ወርዶ የጥንብ አንሣ ላባ ለቅሞ መጣና ሁለቱን በፀሐይ አስተያየ፤ ወገናቸው ለየቅል ነው አለ። ማኅበርተኞቹም እየተቀባበሉ አዩት። እኔ ላባ ላባ ነው እላለሁ። ጣሊያን ቤት የተነቀለው ላባና ድስት ውስጥ የገባው ሥጋ የአንድ ወፍ ስለመሆኑ ምን አውቃለሁ?

አስማረንም ጠየቅሁት። እንደ ቆቅ ይጥማል፣ ትንሽ ይደርቃል አለኝ። አስማረ ያቀረቡለትን ሁሉ የሚበላ ሰው ስለሆነ ምስክርነቱን በግማሽ ነው የተቀበልኩት። ሃያ አራት ራት ደርድሬያለሁ ማለትሽም ደንቆኛል። ወር ሙሉ የሚበላውን አስቀድሞ አብስሎ የሚያስቀምጥ ሰው ነገን አያምንም ማለት ነው፤ እንግዲህ እንደኔ ጠርጣራ ነው።

ቄሱ ግን ፈርዶብኛል። ከዚህ በላይ ልጅ መያዝ ኃጢአት ነው ብሎ በመስቀሉ ገዘተኝ። ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ እታለምን ከአስማረ ጋር አወጣታለሁ። ለስንቅ በሶና ዳቤ አስይዛታለሁ። የማታውቀው ሰው ሲያናግራት በቋንቋችን በኽምጣንጋ ነው የምትመልሰው፤ እንዳትቆጪያት። የሚያስፈልጋትን ምክር መክሬያታለሁ።

ይታየሽ


አስመራ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለእመት ይታየሽ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እታለም ግንቦት አሥር ቀን በደህና ደርሳለች። ከአውቶቡስ ስትወርድ አላወቅኋትም። ትንሽ ልጅ ስፈልግ ከአስማረ አጠገብ አንዲት ረጅም ልጅ ቆማ ታየኛለች።

ቤት ገብተን ቀሚሱን አለበስኳት። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይደርሳል ያልኩት ባቷ ላይ ቀረ። ክሩን አምጥቼ ግድግዳ ላይ አቁሜ ለካኋት፤ ክሩ ግንባሯ ጋ አለቀ። እንግዲህ በስድስት ወር ይህን ያህል አላደገችም። የአባቷ ወገን አጫጭር ነው ብለውኝ ነበር። እኔ ልጄ ታማለች፣ ተርባለች ብዬ እንባዬን ሳፈስ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ። ስለ መሐላ ሲጽፉልኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት?

ሌላውም ይብስ ነው። ማዳም ለልጅሽ ብላ ከበረዶ ሣጥኑ አንዱን ራት ሰጠችኝ፤ ደጅይጥኑ ካረደው፣ እኔ ከቆጠርኩት ነው። አሙቄ በእንጀራ አቀረብኩላት። እጇን አልዘረጋችም። አፍራ መስሎኝ ላጎርሳት ስል ፊቷን አዞረችና፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እትዬ ጥሩሐረግ፣ እናቴ፣ እትዬ ካልቀመሰች አትብዪ፣ ብላኛለች» አለችኝ። እናቴ ያለችው እርስዎን ነው። እኔ እትዬ ነኝ።

ፈረንጅ ቤት ቅመሺ ሲሉኝ ባዕድ ነኝና ቻልኩት። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ አፍ ሲመጣብኝ ግን ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ። ቢሆንም መዳፌ ላይ አድርጌ እሷ ፊት ቀመስኩ። እስክውጥ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ በላች፤ ጎበዝ በላተኛ ናት። መሃል ላይ ፈረሰኛው የቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አብሮ ተፈጭቷል፣ እየበላሽው ነው አልኳት። ሳህኑን እያገላበጠች ስትፈልግ ቆየችና የቀረውን ጨረሰች።

እኔን ይጠርጥሩ፤ ለምጄዋለሁ። ልጄን ግን እኔን እንድትጠረጥር አስተምረው መስደድዎ ምን ይባላል? መልስዎን እጠብቃለሁ።

ጥሩሐረግ


ሰቆጣ፣ ሰኔ ፯ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩሐረግ።

እግዚአብሔር ሁለታችሁን ባንድ ጣራ ሥር ያክርማችሁ። ይህንንም የሚጽፈው ቄስ ወልደ ኢየሱስ ነው፤ ይስማ፣ ከሱ የሚደበቅ የለኝም። ስለ ክሩ አርባ ስግደት ሰጥቶኛል፤ በዚህ ጉልበቴ ሃያ ሰባቱን ፈጽሜያለሁ።

የምክሩን አስቀድሜ ልናገር። ወጡ ንጹሕ መሆኑን በምን አውቃለሁ ብላ የጠየቀችኝ እታለም ናት፤ ከማኅበርተኞቹ አፍ ስትሰማ ከርማለች። እኔም ጥሩሐረግ ከቀመሰችው ብዪ፣ ካልቀመሰች ተዪ አልኳት። ልጅሽን ያልተባረከ የምታጎርሺ ሰው አለመሆንሽን አውቃለሁ። ላባውንም ሆነ አስማረን ያላመንኩ ሴት ያንቺን ምላስ አምኜ ነው የሰደድኳት። አንቺ ግን ያልነገርኳትን ሰማሽ። አልፈርድብሽም፤ ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ሥጋው ሰበብ ነበር። መጀመሪያ ከልቤ ፈርቼ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ ግን ወፉ ዶሮ ሆኖ እንዳይገኝ ነበር የምፈራው። ዶሮ ከሆነ ልትወስጃት ነዋ። በኅዳር በሩ መቃን ላይ አቁሜ ስለካት ክሩ ከአምናው ምልክት በላይ አለፈ። ለመንገድ ደርሳለች ማለት ነው። አላስችል አለኝና የአምናው ምልክት ጋ ቆረጥኩት። ቄሱ ያኔውኑ ጠርጥሮኝ ነበር።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዶሮ ብሠራ ፈረሰኛውን የምሻማት የለኝም። እናቴ የምትልሽበትን ቀን ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፤ እያበላሽ ሳታስቢው ይመጣል፣ ለኔም እንዲያ ነው የመጣው።

የቆረጥኩትን ክር መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬ ነበር የያዝኩት። ይኸው ልኬልሻለሁ። ካንቺ ጋር ካለው ላይ ቀጥለሽ ቀሚሱን በሙሉ ቁመቷ አሰፊላት። ምናልባት እስኪደርስሽ እሱም አጥሮባት ይሆናል።

አክስትሽ ይታየሽ